የሌሊት ወፏ ምን አጠፋች?

ጀውሃን ለማታውቋት እናስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋሮቢት ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። ከዚያ ጥቂት እንደተጓዘ፣ ግራና ቀኝ ማሽላና ማሾ እያየን፣ ጀውሃ እንገባለን። ብዙው መንገደኛ ቀዝቃዛ ውኃ ገዝቶ ያልፋታል። እኛ ግን ከመካከላችን አንዷ እዚያ ዘመድ ስላላት ወርደን እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩንም የእሷ አጎት ናቸው። ስማቸው ይቆየንና እኛም እንደ እሷ «ጋሼ» እያልን እንጥራቸው።

ጋሼ በወጣትነታቸው አንድ ቀን ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸው የኮካ ቀለም መሰለ፤ ምግብ አስጠላቸው። ሰፈሩ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። «የወፍ በሽታ ነው!» ተባለ። መድኃኒት የሚያውቁ ሰው ተጠሩ፤ ሦስት ቀን በባዶ ሆድ የቅጠል ጭማቂ ተሰጣቸው፤ በሁለት ሳምንት ዓይናቸው ነጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ «የወፍ በሽታን ሐኪም ቤት አያውቀውም» እያሉ ሃያ ዓመት ኖሩ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ቢጫው ተመለሰ። ጋሼም ወደዚያው መድኃኒት ተመለሱ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሆዳቸው ተነፋ፣ እግራቸው አበጠ፤ አንድ ሌሊት የገዛ ልጃቸው ስም ጠፋባቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ደማቸው ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ እንዳለ፣ ምናልባትም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብሯቸው እንደኖረ፣ ጉበታቸውም እንደጠባሰለ ነገራቸው። ቀጥሎ «በቅርቡ ምን የጠጡት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዘመድ ሁሉ ጣራ ጣራውን አየ።

እኛን የቆጨን ያ ዝምታ ነው። ከየት መጣ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድን፤ ያገኘነውም ከጠበቅነው በላይ ሰፊ ታሪክ ሆነ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

የወፍ በሽታ ስሙን ያገኘው ከሌሊት ወፍ ነው። አያቶቻችን እንደሚሉት፣ የሌሊት ወፍ በላዩ በርራ የሸናችበት ወይም ጥላዋ ያረፈበት ሰው ቢጫ ይሆናል። እኛ ከተሜዎቹ ይህን ስንሰማ መሳቅ ይቀናናል። ግን ቆይ! ሳይንሱስ መቼ ነው ያወቀው?

ቢጫ ዓይን በራሱ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ከደም ለቅሞ በሐሞት በኩል ያስወግደዋል። ጉበት ሲታመም፣ የሐሞት መንገድ ሲዘጋ ወይም ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ ቢጫው ይከማችና ዓይን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ቢጫ ዓይን ጀርባ የጉበት ቫይረስ ሊኖር ይችላል፤ የሐሞት ጠጠር፣ ከባድ ወባ ወይም የዓመታት መጠጥም ሊሆን ይችላል።

የሀገራችን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ገብቶ 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ይህን የሚያህል የለም። በ1988 እና በ1989 ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች ሰፈር ዓይን የሚያቀላ ሳይሆን ዓይን ቢጫ የሚያደርግ ወረርሽኝ ተነሣ። የጉበት ሐኪሙ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው መርምረው ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን አሳዩ፤ ይህ ቫይረስ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ነው። ሁለቱም ወረርሽኞች በአንድ መንደር ቢነሡ ኖሮ ስማቸው አንድ ይሆን ነበር፦ የወፍ በሽታ።

የዓለም ሳይንስም ቢሆን ከአያቶቻችን ብዙ አልቀደመም። ባሩክ ብሉምበርግ በኋላ የሄፓታይተስ ቢ አካል መሆኑ የታወቀውን ፕሮቲን ይፋ ያደረገው በ1965 ነው። የኤ ቫይረስ በማይክሮስኮፕ የታየው በ1973፣ ኢ በ1983 ነው፤ ሲ ደግሞ የተለየው በ1989። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ አንዱ ቢጫ ዓይን አራት አምስት ቦታ ተከፋፈለ። የእኛ ሰፈር ግን ዜናው አልደረሰውም።

ዜናው አለመድረሱ ደግሞ ዋጋ አስከፈለ። ምክንያቱም ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሳቸው ይለቃሉ። ቅጠል የጠጣም ይድናል፤ አጥሚት የጠጣም ይድናል። ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። ቢ ከዚህ ይለያል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ያሸንፈዋል፤ በተወለደ ሰሞን ከእናቱ ከያዘው ግን ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ዓይን ነጣ ማለት ቫይረሱ ወጣ ማለት አይደለም። ጋሼ ሃያ ዓመት ሙሉ ድኛለሁ ያሉት ዓይናቸውን በመስታወት አይተው ነው፤ ጉበት ግን በመስታወት አይታይም።

አያቶቻችን ማርከሻን ያውቁ ነበር

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ጸሐፊ አንድ ስሕተት ይሠራል። «ባህላዊ ሕክምና ኋላ ቀር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ እንደዚያ አንልም። ሀገራችን «ዕፀ ደብዳቤ» የመሳሰሉ የመድኃኒት መጻሕፍት በብራና የጻፈች ሀገር ናት። ኮሶ ከዚህ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፓሪስና የለንደን ፋርማሲዎች የሸጡት የትል መድኃኒት ነበር። ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ነበር።

እንዲያውም የድሮዎቹ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ማስረጃችን አንዲት ቃል ናት፦ ማርከሻ። መድኃኒት የሚሰጡት ሰው መድኃኒቱ በሽተኛውን ሲያዳክመው የሚያቆሙበትን ነገር አብረው ያዘጋጃሉ። ማርከሻ ያለው መድኃኒት ማለት ጉዳት እንዳለው ሰጪው ራሱ ያመነው መድኃኒት ማለት ነው። ኮሶን እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣ ይከለከል ነበር። ይህም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የሠሩ ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው ጠጥተው የዓይን ብርሃናቸው የታወከ ሰዎችን መዝግበዋል።

ታዲያ «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከእኛው ዘመን ነው እንጂ ከዕፀ ደብዳቤ አይደለም። አያቶቻችን ያላወቁት ነገር አንድ ነው። ማርከሻ የሚሠራው ወዲያው ለሚታይ ጉዳት ነው፤ ለትውከት፣ ለተቅማጥ፣ ለራስ መዞር። ጉበት ግን ሲጎዳ አይጮኽም። ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ቆይቶ ነው የሚናገረው። ያን ጊዜ ጽዋውንና ሕመሙን የሚያገናኛቸው ሰው የለም።

የሕርሚ ሸለቆ

ጽዋና ሕመም እስኪገናኙ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከሁሉ በላይ ያሳየን በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ የደረሰው ነው። ከ2001 ገደማ ጀምሮ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ ይሞቱ ጀመር። ልጆችም ነበሩባቸው። የሚታወቁት የጉበት ቫይረሶች አላብራሩትም፤ መጠጥም አላብራራውም። ከ2005 ወዲህ ከአዲስ አበባም ከውጭም መርማሪዎች ተመላለሱ፤ ውኃው፣ እህሉ፣ ደሙ፣ ሽንቱ ተመረመረ።

መልሱ እየጠራ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በእርሻው ውስጥ የሚበቅል አጌራተም የሚባል አረም አለ፤ አበባው ወይን ጠጅ ወይም ነጭ፣ ሲያዩት ምንም የማይመስል ተክል። ይህ አረም ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት። ከእህሉ ጋር ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ፣ እንጀራ ሆኖ ይበላ ነበር። ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት ጽሑፍ በሽታውን «የሕርሚ ሸለቆ የጉበት በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ ከአረሙ መርዝ ጋር፣ እህል ከተባይ ለመጠበቅ ከሚረጨው ዲዲቲ ጋርም አያያዘው።

ኬሚካሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወደ ሆድ ሲገባ ገና መርዝ አይደለም። መርዝ የሚያደርገው ራሱ ጉበት ነው፤ ለማስወገድ ሲሞክር ይለውጠዋል፣ ያ የተለወጠው ነገር ደግሞ የጉበትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ያቃጥላል። ሥሮቹ ይዘጋሉ፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሆድ በውኃ ይሞላል።

ይህ የትግራይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ሐኪሞች ተመሳሳይ በሽታ በሕፃናት ላይ አዩ፤ ምክንያቱ እናቶች ለጤና ብለው የሚያጠጧቸው የቁጥቋጦ ሻይ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአፍጋኒስታን ሔራት ክፍለ ሀገር ከድርቅ በኋላ ስንዴው በአረም ዘር ተበክሎ፣ ከተመረመሩት 7,200 ሰዎች ከአምስቱ አንዱ በላይ ጉበቱ ተጎድቶ ተገኘ። በአፍጋኒስታንና በትግራይ በእህል ገባ፤ በጃማይካ በመድኃኒት ስም ገባ። ለጉበት ልዩነት የለውም። የትግራዩ አረም አጌራተም ራሱ በብዙ ሀገር የባህል መድኃኒት ተብሎ የሚለቀም ተክል ነው።

ይፋትና ጫቱ

ወደ ይፋት እንመለስ፤ ይፋት ስለ ቅጠል የራሷ ታሪክ አላትና። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ጦርነት ገጠመ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ሰብረዲን ሲዝት የተናገረውን ሲተርክ፣ መራዴን መናገሻው አድርጎ እዚያ ጫት እንደሚተክል፣ ሙስሊሞች ተክሉን ስለሚወዱት፣ ይላል። በኢትዮጵያ ጽሑፎች ውስጥ ጫት ከተጠቀሰባቸው ቦታዎች ከቀደሙት አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጀውሃ መንገድ ዳር ላይ ጫት ይዞ የሚጠብቃችሁ ልጅ የሚሸጠው ዕቃ በይፋት ስም ሰባት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ነው።

ዕድሜ ግን የጤና ማስረጃ አይሆንም። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2015 እና በ2016 ሐረር ውስጥ በሁለት ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች ከሌሎች 300 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ከበሽተኞቹ ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት በተለመደው ምርመራ ምክንያት አልተገኘላቸውም። ጫት የሚቅሙት ግን ከማይቅሙት ይልቅ በበሽታው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ የሚቅሙት መጠን ሲጨምርም አደጋው ይጨምር ነበር። ይህ ማለት የቃመ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ጉበቱ ቀድሞ የታመመ ሰው ግን «ቅጠል ነው» ብሎ የሚጽናናበት ምክንያት የለውም ማለት ነው።

እንዶድ ያስተማረን

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች እኛ የምንወደው የእንዶድን ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ያለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው፤ የአንጀት ብልሃርዝያ ዕንቁላል ደግሞ በደም ተጉዞ ጉበት ላይ ያርፍና ያጠባስለዋል። በጅረትና በመስኖ ቦይ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ።

ልብ በሉ፤ አክሊሉ «የአያቶቻችን ቅጠል ስለሆነ ደኅና ነው» አላሉም። «ውኃ ውስጥ ስንት ግራም ቢገባ ቀንድ አውጣው ይሞታል? ዓሣውስ? ሰውስ?» ብለው ጠየቁ። የመርዛማነቱ ጥናት ዓመታት ፈጀ፤ ብዙም አበሳጫቸው። ይኸው እንዶድ በአንዳንድ አካባቢ ለልዩ ልዩ ሕመም ይጠጣል፤ በዚህም የተጎዳ ሰው አለ። ያው ተክል ተለክቶ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ጉበትን ያድናል፤ ሳይለካ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሊገድል ይችላል።

የፋብሪካው መድኃኒትም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ፓራሲታሞል ከልክ ካለፈ ጉበት ይገድላል። የቲቢ መድኃኒትም ጉበት ሊያውክ ይችላል። ልዩነቱ ልኩ መታወቁና ሐኪም መከታተሉ ነው።

አሁን ደግሞ ካፕሱል

«እኛ የከተማ ልጆች ነን፣ ቅጠል ተጨምቆ አንጠጣም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፤ ጓዳችሁ ውስጥ ያለው ካፕሱልስ? የሚያከሳ፣ ጡንቻ የሚያወጣ፣ «ጉበት የሚያጥብ» የሚለው፣ ከውጭ የመጣው ዘመድ ያመጣው የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ? አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች፣ ከመዘገቧቸው ጉዳቶች በዕፅዋትና በሰፕልመንት የመጡት ከ2004 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከ7 በመቶ ወደ 20 በመቶ ማደጋቸውን ጽፈዋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ ላይኖር፣ ያልተጻፈውም ሊኖር ይችላል።

ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጉበቱ ለታመመ ግን ሒሳቡ ይለያል። የጠባሰለ ጉበት መርዝን ለማጣራት የቀረው አቅም ጥቂት ነው። ደምን የሚያረጋውን ነገር በበቂ አይሠራም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይደማል። የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ መድኃኒት ደግሞ ውኃና ጨው ያሳጣውና አእምሮውን ያውካል። ጋሼ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው ሌሊት በመድኃኒቱ ሳቢያ ይሁን በበሽታው ብቻ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ሐኪሙ እንዳይለየው ያደረገው ግን የእኛ ዝምታ ነው።

ይህ ጉዳይ የአንድ አጎት ብቻ አይደለም። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ አለበት፤ አብዛኛው አያውቅም። ኢትዮጵያ ክትባቱን ከሕፃናት ክትባት ጋር ማዳረስ የጀመረችው በ2007 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1999። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ፣ እኛ ጸሐፊዎቹም ጭምር፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ነን። አልተከተብንም ማለት ነው። እኛ ይህን ከጻፍን በኋላ ለመመርመር ተቀጣጥረናል፤ እናንተስ?

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። ቅጠል ጠጥቶ ከሆነ አትቆጡት፤ ያቁምና የተረፈውን ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ። ግራ ከተጋባ፣ ከደማ፣ ሆዱ ከተነፋ ሌሊቱን አትጠብቁ። ጉበቱ መታመሙን የሚያውቅ ሰውም ቅጠልም ይሁን ካፕሱል ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር። ሐኪሞችም ስለ ቅጠል ሲጠይቁ ፊታቸውን ባያጠቁሩ ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ የሚቆጣ ሰው ፊት እውነት የሚናገር በሽተኛ የለምና።

ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በሀገራችን ሕክምና አለ። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም በቀን አንድ ክኒን ቫይረሱን ለዓመታት ጸጥ አድርጎ መያዝ እንደሚቻል በእኛው ሰዎች ላይ አሳይቷል። ቫይረሱን ነቅሎ አያወጣውም፤ ጉበቱን ግን ያሳርፋል።

ጋሼም ዛሬ ክኒናቸውን ከራት በኋላ ይውጣሉ። ባለፈው ጀውሃ ስንሄድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የጎረቤት ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እናቱ ልታማክራቸው መጥታ ነበር፤ የዱሮውን መድኃኒት የት እንደሚገኝ ያውቃሉ ብላ። ጋሼ ብዙ አላወሩም። «ደሙን አሳይተሽዋል?» አሉና የሸዋሮቢትን ባጃጅ ራሳቸው ጠሩላት። እኛም የሌሊት ወፏን ከዚያ ቀን ጀምሮ በነጻ አሰናብተናታል።